የተጠላለፉት እርካቦች

ፍቅር በሰርግ ቤት፣ በአውቶቡስ ወረፋ፣ በስልክ ላይ ሲበጠስና ሲቀጠል ያየ ሰው ሞልቷል። በበቅሎ ጀርባ ተቀምጦ፣ ከኋላ ከኋላ እያዘገመ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠው ያየ ግን እኔ ብቻ ነኝ። ካላመናችሁ በቅሎዬን ጠይቁ። ስሟ አማካሪ ነው። ከእኔ የተሻለ ትምህርት ቀምሳለች፤ እኔ በአራተኛ ክፍል በበሩ ስወጣ እሷ በአጥሩ ዘላ እየገባች ነበር። ከዚያ ወዲያ መምህሩ ሰሌዳ ሙሉ ጽፎ «ገባችሁ?» ባለ ቁጥር ራሷን ትነቀንቅ ነበር አሉ።

ነገሩ የሆነው በፈረስ ግቢው የወዳጅነት ግልቢያ ላይ ነው። የግቢው ባለቤት ባላቸው የሞተባቸው ወይዘሮ ናቸው፤ ፊት ለፊት «እትዬ»፣ ዞር ሲሉ «እትዬ ሰዓት» እንላቸዋለን። አውራ ዶሮው የሚጮኸው የእሳቸውን መስኮት አይቶ ነው። በየዓመቱ ዝናቡ ሲያባራ ፈረስ ያለውን ሁሉ ይጠሩና ሁለት ሁለት አድርገው ወደ ኮረብታውና ወደ ወንዙ ይሰዱታል። ሩጫ እንዳይመስላችሁ፤ ቀድሞ የገባ ይሳቅበታል እንጂ አይሸለምም። እትዬ ግልቢያው ሳምንት ሲቀረው መንገዱን ብቻቸውን ይሄዱታል፤ የወሰደባቸውን ጊዜ ለማንም ሳይነግሩ በሆዳቸው ይይዙታል። ለእሳቸው ጊዜ ይበልጥ የቀረበ ጥንድ ያሸንፋል። ሁለቱም ጎን ለጎን ሆነው መግባት አለባቸው፤ አንዱ ጥሎ ከመጣ አይቆጠርም። ሽልማቱ የናስ ቃጭል ነው፤ ቃጭሉ ምንም አይደለም፤ «ከእትዬ ጋር እኩል ሄደ» መባሉ ነው ነገሩ።

የእኔ ሥራ ጭራ መሆን ነው። የወደቀ፣ ልጓም የተበጠሰበት፣ መንገድ የጠፋበት እንዳይቀር ከመጨረሻው ጥንድ ኋላ እሄዳለሁ። እነሱን ማለፍ ክልክል ነው። ቢቆሙ እቆማለሁ፤ ቢጣሉ እሰማለሁ። ሕጉ ነው፤ እኔ አላወጣሁትም።

ዘንድሮ እጣ ሲወጣ ቁጥሮቹ የነበሩበትን ባርኔጣ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ስለ ባርኔጣው ከዚህ በላይ አልናገርም። ብቻ ጥርስ ሐኪሙና ኮርቻ ሰፊዋ አንድ ላይ ወጡ፤ ግቢው ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ በአንድ ጊዜ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ።

ጥርስ ሐኪሙ የእትዬ አንድ ልጅ ነው። ቀኑን ሙሉ የሰው አፍ ሲያስከፍት ይውላል፤ የራሱን አፍ መክፈት ግን አልሆነለትም። ኮርቻ ሰፊዋ ደግሞ በቁልፍ ቀራጩና በፎቶ ቤቱ መሀል፣ በጎን ካልሆነ በማይገባበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ትሠራለች። ግድግዳው ላይ ልጓም፣ ጥግ ላይ የታጠፈ ቆዳ፣ ጣቶቿ ላይ ሰም የተቀባ ክር። ወስፌዋ ቆዳውን ሲበሳ የሚያሰማውን ድምፅ መንገደኛው ያውቀዋል።

አምና ሐኪሙ ለዳማ ፈረሱ ኮርቻ ሊያሰፋ መጣ። ኮርቻ ሰፊዋ የፈረሱን ጀርባ ለካች። በሳምንቱ «ምናልባት ተሳስተን ይሆናል» ብሎ ተመለሰ፤ ደግማ ለካች። ከዚያም ደግሞ። አገር የሚቀይስ መሐንዲስ እንኳ ያን ያህል አይለካም። ሰዉ ሳቀ፤ እነሱ አልሰሙም። እትዬ ግን ሰሙ። አንድ ቀን ልጅቷ ለልኬት ግቢው ስትመጣ በረንዳው ላይ ቆመው፣ ድምፃቸውን እንኳ ሳያነሱ እንዲህ አሏት፦

«እዚህ ቤት ኮርቻ እንጂ ኮርቻ ሰፊ አይገባም።»

ልጅቷ ሜትሯን ጠቅልላ ኪሷ ከተተች። ኮርቻውን ግን ጨረሰችው። ጨርሳም ሰጠችው። ያን የመሰለ ስፌት አይቼ አላውቅም፤ ዝንብ አርፎበት ክሩን ሲቆጥር ውሎ አድሯል።

ከሁለት ወር በኋላ ኮርቻው ተመልሶ መጣ። ሁለቱ እርካቦች መቀመጫው ላይ ተጠላልፈው።

ይህን የማያውቅ ይወቅ። ኮርቻ ሊጠገን ሲላክ እርካቡ እንደ ተንጠለጠለ ይላካል። ተጠላልፎ መቀመጫው ላይ ከተጋደመ ግን ትርጉሙ ሌላ ነው፦ «ሥራህን አልፈለግሁትም፤ አንተንም ደግሜ አልፈልግህም።» የኮርቻ ሰፊዎች የቆየ ነገር ነው፤ ያለ ስድብ፣ ያለ ጭቅጭቅ ሰውን መቁረጫ። ይህ የደረሰበት ሰፊ «ለምን?» ብሎ አይጠይቅም። መጠየቅ ውርደት ነው።

እሷም አልጠየቀችም። ስልኩን ማንሳት ተወች። እሱ ደግሞ የእናቱ ንግግር ያስቀየማት መሰለው፤ አፍሮ ዝም አለ። እንዲህ ነው፤ ሁለት ሰው ዝም ሲል አንዱ የሌላውን ዝምታ እንደ መልስ ይቆጥረዋል። በመሀሉ እሷ ሩቅ ከተማ የኮርቻ ፋብሪካ ሥራ ጠይቃ ተቀበሏት። ሰኞ ልትሄድ፣ ቅዳሜ ግልቢያው ላይ መጣች። ለልኬት ስትመጣ የምትዋሰውን የደንበኛዋን ነጭ ባዝራ ተውሳ፣ የተመለሰባትን ኮርቻ ጭናባት።

ሐኪሙ ኮርቻውን ሲያይ እጁ ልጓሙ ላይ ቀረ። እሷ ወደ ኮረብታው ዞረች።

*

«ዶክተር፣ እርስዎ ይቅደሙ» አለች ከግቢው በር ስንወጣ።

«እርስዎ? ከመቼ ወዲህ ነው እኔ እርስዎ የሆንኩት?»

«የግቢው ጌታ አይደሉ?»

አማካሪ ሁለት ጆሮዋን ቀጥ አደረገች። እኔም የራሴን።

ሌሎቹ ጥንዶች በሶምሶማ እያለፉን ሄዱ። ወፍጮ ቤት ያለው ወፍራሙ ሰውዬ ከሚስቱ ጋር ሲያልፍ «ኧረ ተንቀሳቀሱ፣ ሐውልት ናችሁ እንዴ!» ብሎ ጮኸ። ሚስቱ በአለንጋዋ ጀርባውን ቸብ አደረገችው፤ ሴት ነገር ቶሎ ይገባታል። ትንሽ ቆይቶ ኮረብታው ላይ እኛ ብቻ ቀረን።

እሷ ከመንገዱ ግራ፣ እሱ ከመንገዱ ቀኝ። በመሀላቸው አንድ የጭነት መኪና ከነተሳቢው ያልፋል። ፈረስ ግን ኩርፊያ አያውቅም። ነጯ ባዝራና ዳማው በዚያው በልኬቱ ጊዜ ተዋውቀው ኖሮ፣ ባለቤቶቻቸው ሳያዩ አንድ አንድ እርምጃ እየተጠጉ መጡ። እሷ ልጓሟን ወደ ግራ ትስባለች፤ ባዝራዋ እሺ ትልና ከጥቂት ቆይታ በኋላ ወደ ቀኝ ትመለሳለች። እሱም እንደዚያው። በመጨረሻ አንገት ለአንገት ሆነው ሄዱ። የእሱ እርካብ የእሷን ነካና «ቅጭል» አለ።

ሁለቱም እርካቡን አዩት፤ ቀና ሲሉም ተያዩ። ያ እይታ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም፤ ግን ሰው ከቤቱ ከወጣ በኋላ እሳት ማጥፋቱን ሲጠራጠር እንደሚያየው ያለ ነበር። ወዲያው ፊታቸውን መለሱ።

ከዚያ በኋላ ረጅም መንገድ ማንም አልተናገረም። ነፋሱ ሣሩን እያስተኛ ይሄዳል፤ ሣሩ ይነሳል። እኔ በሕይወቴ ዝም ብዬ የቆየሁበት ረጅሙ ጊዜ ይህ ነው፤ ከዚህ በፊት የነበረው ጥርሴን የተነቀልኩ ጊዜ ነው፤ የነቀለኝም ይኸው ሐኪም ነው። ያኔ ወንበሩ ላይ ተጋድሜ ከታች ሳየው የማይፈራ ሰው መስሎኝ ነበር። አሁን ከኋላ ሳየው ትከሻው ወድቋል። ሰውን ከፊቱ ይልቅ ከኋላው ማየት ያሳዝናል፤ ጀርባ መዋሸት አይችልም።

*

ወንዙ ጋ ስንወርድ ባዝራዋ ውሃ ልጠጣ ብላ ቆመች። ዳማውም ቆመ። ከውሃው ዳር እንደ አግዳሚ ወንበር ጠፍጣፋ የሆነ ትልቅ ድንጋይ አለ። ኮርቻ ሰፊዋ ወርዳ ፊቷን ታጠበች። እኔ ከቁጥቋጦው አጠገብ ሆኜ የተኛሁ መሰልኩ፤ አማካሪ ትንሽ አንኮራፋችልኝ።

«ሰኞ ትሄጃለሽ አሉ» አለ ሐኪሙ።

«ማን አለ?»

«ታካሚዎቼ። አፋቸው ውስጥ መሣሪያ ከትቼ እንኳ ያወራሉ።»

ልትስቅ ብላ ተወችው። «እውነታቸውን ነው። እሄዳለሁ። እርስዎም ሌላ ሰፊ ያገኛሉ።»

«ሌላ ሰፊ ማን ፈለገ?»

«ዶክተር…»

«ዶክተር አትበይኝ! ስደውል አታነሺ፣ መልእክት ብልክ አትመልሺ። እናቴ ያለችሽን ሰምቻለሁ፤ ግን እኔ ምን አደረግሁሽ? እኔ ራሴ ምን አደረግሁ?»

ይህን ጊዜ ከውሃው ተነሳች። ፊቷ ላይ የቀረው የወንዝ ውሃ ይሁን ሌላ፣ ከቁጥቋጦ ሆኖ አይለይም።

«ምን አደረግሁ ትላለህ? ኮርቻዬን መለስክብኝ! ጣቴ እየደማ የሰፋሁትን፣ ያንተ ነው ብዬ በእያንዳንዷ ስፌት…» ኮርቻውን በመዳፏ መታችው። «አልፈለግሁም ማለት አቅቶህ ነው? አፍ የለህም?»

«ለማስፋት ነዋ የላክሁት!»

«ምን?»

«ጠበበው። ዳማው ወፈረ። ትከሻውን እየላጠው ነው፣ ትንሽ ታስፋልኝ ብዬ ነው።»

ዳማውን አየችው። ዳማውም አያት። እውነትም ሆዱ ከጎን ከጎን ወጥቷል።

«ፈረስ በሁለት ወር እንዴት እንዲህ ይወፍራል? ምን አበላኸው?»

ሐኪሙ ጠጠር በጫማው ማንከባለል ጀመረ። «ስኳር።»

«ስኳር?»

«ይወደዋል። ጠዋት ጠዋት… ማታም።»

«አንተ? ለከተማው ልጅ ሁሉ ከረሜላ የምትከለክል?»

ሳቀች። ሳቋ ወንዙን ተሻግሮ ተመለሰ። ከዚያ በሳቁ መሀል፣ ሰው ደረጃ ሲስት እንደሚሆነው፣ ልቅሶ ሆነ። ሐኪሙ እጁን ዘርግቶ አየር ላይ ተወው፤ የት እንደሚያሳርፈው አላወቀም።

«እርካቡስ?» አለች ዓይኗን እየጠረገች። «ስኳሩ እርካብ አያጠላልፍም።»

«የቱን እርካብ?»

ነገረችው። የሰፊዎቹን ነገር፣ ምን ማለት እንደሆነ፣ ለምን እንዳልጠየቀችው። እሱ እየሰማ ፊቱ ቀስ በቀስ ነጣ።

«እኔ እርካቡን አልነካሁም» አለ። «እንደ ተንጠለጠለ በረንዳው ላይ አስቀምጬ ‹ጠቦታል፣ ለኮርቻ ሰፊዋ ይላክላት› ብዬ ሥራ ሄድኩ።»

ማንም ስም አልጠራም። በዚያ ቤት ውስጥ ያንን ምልክት የሚያውቅ፣ ሐኪሙ ሳይወለድ ጀምሮ ኮርቻ ሲያሰፋ የኖረ፣ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ሐኪሙ ዘሎ ዳማው ላይ ወጣ። «አሁኑኑ ሄጄ በሰው ሁሉ ፊት…»

ልጓሙን ያዘችበት። «ውረድ።»

«ልቀቂኝ።»

«ውረድ አልኩህ። በዚህ ደም ፍላትህ ብትደርስ የሚናገረው ንዴትህ ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ደግሞ እናትህ ናት። እኔ እንደሆንኩ ሰኞ እሄዳለሁ፤ አንተ ከእሷ ጋር ትኖራለህ። በእኔ የተነሳ እናቱን አዋረደ እንዲሉህ አልፈልግም። እርካቡ የመጣው ለእኔ ነው። መልሱም የእኔ ነው።»

ወረደ። ድንጋዩ ላይ ተቀመጡ። ፀሐይዋ ዞረች። ሌሎቹ ገብተው ላባቸውን እንኳ እንዳደረቁ አውቃለሁ፤ ግን ጭራ ምን አገባው።

«ታካሚ ዝም ካለኝ የትኛው ጥርሱ እንደሚያመው አላውቅም» አለ ሐኪሙ፣ ውሃውን እያየ። «አንቺ ዝም ስትዪ ሁሉም ቦታ አመመኝ።»

«ደጄ ድረስ መምጣት አቃተህ?»

«መጥቼ ነበር።»

«መቼ? አላየሁህም።»

ኪሱ ገባ። ሦስት አዳዲስ ቁልፎች አወጣና መዳፉ ላይ ዘረጋቸው። «በርሽ ጋ ስደርስ እግሬ እምቢ ይለኛል። ዝም ብሎ መቆም አሳፈረኝና ጎረቤትሽ ቁልፍ ቀራጩ ጋ ገባሁ። ቁልፉ እስኪቀረጽ ድረስ የወስፌሽን ድምፅ እሰማለሁ። ሲያልቅ ሌላ አስቀርጻለሁ። ሰውዬው ራሱ ግራ ገብቶት ‹ዶክተር፣ ቤትዎ ስንት በር አለው?› አለኝ።»

«የምን ቁልፍ ናቸው?»

«የምንም። የሚከፍቱት በር የለም።»

ኮርቻ ሰፊዋ ቁልፎቹን ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ አንዱን አነሳች፣ በሰም በጠቆሩ ጣቶቿ አገላበጠችው፣ አልመለሰችለትም። ጭብጥ አድርጋ ያዘችው። እሱም አልጠየቃትም። የማይከፍት ቁልፍ እንዲህ ሲያዝ አይቼ አላውቅም፤ ልክ እጇ ውስጥ ሊያድር የመጣ ትንሽ ወፍ ይመስል ነበር።

*

ግቢው ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ተሰብስቦ ይጠብቀናል። እነሱ ጎን ለጎን፣ በእርምጃ፣ እርካብ ለእርካብ ሆነው መስመሩን አለፉ። ሳቅ ፈነዳ።

«ኧረ ቀብር የሚሄዱ መስሎኝ ነበር!» አለ ባለ ወፍጮው።

እትዬ ከጠረጴዛው ኋላ ሰዓታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። አልሳቁም።

ኮርቻ ሰፊዋ ከባዝራዋ ወረደች። ሐኪሙ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በዓይኗ መለሰችው። የሆድ ጠፍሩን ፈታች፣ ኮርቻውን አቅፋ አወረደች፣ ጠረጴዛው ላይ፣ እትዬ ፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ግራውን እርካብ አንስታ ወደ ቀኝ፣ ቀኙን አንስታ ወደ ግራ፣ መቀመጫው ላይ አጠላለፈቻቸው። በቀስታ። ያለ አንዲት ቃል።

ሰዉ አልገባውም። እትዬ ግን ገባቸው። አውራ ጣታቸው የሰዓቱ መስታወት ላይ ቆመ።

«ወንዙ ጋ ወርዳችሁ ነበር?» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ፣ እማዬ» አለ ሐኪሙ።

«ድንጋዩ ላይ ተቀመጣችሁ?»

«ተቀመጥን።»

«ብዙ?»

«ብዙ።»

እትዬ ተነሱ። «የዘንድሮ አሸናፊዎች እነዚህ ናቸው» አሉ።

ግቢው ተንጫጫ። «እትዬ፣ በፈረስ ነው በኤሊ?» አለ አንዱ። «ሰዓትዎ ቆሞ እንዳይሆን!» አለ ሌላው፤ እሳቸው ፊት «ሰዓት» ብሎ በመናገሩ ደንግጦ ከሚስቱ ኋላ ተሸሸገ።

«ሰዓቴ አልቆመም» አሉ። «የቆምኩት እኔ ነኝ።» ድምፃቸው ዝቅ አለ፤ ለእኛ ሳይሆን ለኮርቻው የሚናገሩ መሰሉ። «ልጄ ሳይወለድ፣ እዚያ ድንጋይ ላይ ከአባቱ ጋር እንቀመጥ ነበር። ዘንድሮ ብቻዬን ስሄድ አረፍ ልበል ብዬ ወረድኩ። አንድ ነገር አድርጌ ነበር፤ እሱ ቢኖር የሚቀየመኝ ነገር። እነሳለሁ ስል እቀመጣለሁ፤ እነሳለሁ ስል እቀመጣለሁ። ፈረሴ ጠግቦ ተኛ።» ሰዓቱን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። «በዚያ መንገድ ላይ ያን ያህል የሚቆይ ሰው፣ ልቡ የከበደው ብቻ ነው።»

አማካሪ እንኳ ማኘኳን አቆመች።

እትዬ እጃቸውን ዘረጉ። ያን እጅ ድንጉላ ሲገራ አይቼዋለሁ፤ እርካብ ሲፈታ ግን አይቼው አላውቅም። ቀኙን እርካብ ከግራው ላይ አነሱት፣ ከጠረጴዛው ጠርዝ ወደ ታች ለቀቁት። ከዚያ ግራውን።

«ጠቦታል አሉኝ» አሉ፣ አሁንም ቀና ሳይሉ። «ልጄ ፈረሱን ስኳር እያበላ አበላሽቶታል። ይሄን ለማስፋት ምን ያህል ይፈጃል?»

ኮርቻ ሰፊዋ ስፌቱን በጣቷ ዳሰሰች። «ስፌቱ መፈታት አለበት፣ እትዬ። ቆዳው ይነከራል፣ ይደርቃል፣ እንደገና ይሰፋል። እኔ ደግሞ ሰኞ…»

«ሰኞማ አይደርስም» አሉ እትዬ። ይህን ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት። የሚያዙ ዓይኖች አልነበሩም፤ የሚለምኑ ነበሩ፤ ልመናን ገና እየተማሩት ያሉ ዓይኖች። «ደግሞ ፈረሱ እንደገና መለካት አለበት። ግቢ ውስጥ፣ በረንዳው ላይ፣ ወንበር አስወጣለሁ።»

የሐኪሙ አፍ እንደ ታካሚዎቹ ተከፍቶ ቀርቷል። ኮርቻ ሰፊዋ ጭብጧን ፈታች፤ ቁልፉ መዳፏ ላይ ቀይ ምልክት ትቶ ነበር። ምልክቱን አየችው፣ እሱን አየችው፣ መልሳ ጨበጠችው።

«አይደርስም፣ እትዬ» አለች። «ሰኞ አይደርስም።»

እርካቦቹ ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ግራና ቀኝ እየተወዛወዙ ነበር፤ ቀስ እያሉ፣ ቀስ እያሉ፣ ዝም እስኪሉ ድረስ። በዚያ ግቢ ውስጥ፣ እኔ እስከማውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ማንም ሰዓት አላየም።